ለወገዳው ተማሪ ኢኮኖሚክስን ማን መረጠለት?

በአሜሪካ ኮሌጅ የገባ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኢኮኖሚክስ ልማር ካለ ምርጫው ብዙ ነው። ማይክሮውን ላስቀድም ወይስ ማክሮውን? ሒሳብ የሚበዛበትን ልውሰድ ወይስ ትረካ የሚበዛበትን? ሁለት መንፈቅ የሚፈጀው ይሻላል ወይስ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ የሚያስተምረው? አማካሪውን ይጠይቃል፤ ቀድመውት የተማሩትን ያነጋግራል፤ የመምህሩን ጠባይና የፈተናውን ክብደት ያጣራል። ካልጣመው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትቶት ወደ ሌላው ይዛወራል።

የእኛስ? ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የተነሣ ልጅ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ መኪና እየቀያየረ ከተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ከሬጅስትራር መስኮት ላይ ሲቆም የሚማረው ሁሉ ተወስኖ፣ ተዘርዝሮ ይጠብቀዋል። ከዝርዝሩ መካከል አንዱ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ነው። እሱ አልመረጠውም። መምህሩም አልመረጡትም፤ የማስተማሪያው ሰነድ ለመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ ተዘጋጅቷልና። ይህን ያልኩት ለመክሰስ አይደለም። ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከተማሪው ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ይህ «መግቢያ» የተባለው ትምህርት ሦስት አራት ጊዜ መልኩን ለውጧል። በለወጠ ቁጥር መራጩ ሌላ ነበር። ተማሪው ግን ያው ተቀባይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ልጅ የመጣበት አገር በትምህርት ምርጫ የታወቀ መሆኑ ነው። ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የተጠራው በሁለት ቦታዎች ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ድጓ የሚማር ሰው የትም ተምሮ ቢመጣ ቤተ ልሔም ሳይመሰክር ሊቅ ነኝ ቢል የሚያምነው አልነበረም። ቅኔ የፈለገ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገ ወደ ጎንደር ያቀናል። የቆሎ ተማሪው ካርታ ይህ ነበር። የትኛውን ላስቀድም፣ ከየትኛው የኔታ ዘንድ ልደር፣ ስንት ዓመት ልቆይ የሚለውን የሚወስነው በእግሩ ነው። መምህሩ ካልሆነለት ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በማለዳ ይነሣል። የሚከለክለው የለም።

ከዚህ ላይ ግን ሐቁን መሸፋፈን አይገባም። ያ ነፃነት ያለ ወጪ የመጣ አልነበረም። ወጪውን የሚሸፍነው ገበሬው ነው። ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምታወጣለት ሴት ከሌማቷ ቀንሳ ነው። ክረምቱ ሲከፋ፣ አንበጣ ሲወርድ ወይም ዝናቡ ሲያጥር የጉባኤ ቤቱም ጎጆዎች ይራቆታሉ። እንግዲህ ጋይንት ውስጥ ትምህርት ከመከር ጋር የታሰረ ነበር ማለት ነው። የመከሩ ትርፍ የሚችለውን ያህል ተማሪ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ የለም። አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ይህን በሠሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሥምሮ ሊያስረዳው ይችል ነበር።

በአማርኛ የመጀመሪያው የኢኮኖሚክስ መግቢያ የትኛው ነው ቢባል፣ የብዙዎች መልስ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ገብረ ሕይወት የአድዋ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ ተሻግረው በጀርመንኛ ቋንቋ ተማሩ፤ ተመልሰው በምድር ባቡሩና በድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሠሩ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሐሳባቸውን በአጭሩ ብናስቀምጠው፦ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር በተገበያየ ቁጥር ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል፤ እያደርም ይደኸያል። ይህ የተጻፈው «የልማት ኢኮኖሚክስ» የሚባለው ዘርፍ በአውሮፓና በአሜሪካ ስም ሳይወጣለት ነው። መጽሐፉ በ1995 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲወጣም የተርጓሚው ትኵረት ይኸው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ቋንቋው ነው። ገብረ ሕይወት ለጀማሪ አንባቢ ሲጽፉ የሚያውቀውን ይዘው ይነሣሉ። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ጉምሩኩ አሉ። ወታደሩ አያርስም፤ ግን ይበላል፤ እንግዲህ የሚበላው የማንን ነው? ይህ ጥያቄ ለጋይንት ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የዘማች መንገድ የሆነ አገር ሁሉ ያውቀዋል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ግን የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ኮሌጁ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለልም ያው ነው። ዘመኑ የሳሙኤልሰን መጽሐፍ የገነነበት ነበር። ፖል ሳሙኤልሰን በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመግቢያ መማሪያ ከ40 በማያንሱ ቋንቋዎች ተተርጕሞ፣ አንደኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ በየአገሩ ምን መምሰል እንዳለበት ወስኖ ነበር ማለት ይቻላል። ፍላጎትና አቅርቦት፣ ገበያ፣ የአገር ውስጥ ገቢ፣ ሥራ አጥነት። ጥሩ ትምህርት ነው፤ አይናቅም። ችግሩ ምሳሌዎቹ ስለ መኪና፣ ስለ ቅቤና ስለ መድፍ መሆናቸው ነው። ቅቤውን እናውቀዋለን።

ርስትን የሚያውቅ ምዕራፍ ግን አልነበረበትም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በአመዛኙ ባለርስት ነው። መሬቱን አይገዛውም፤ አይሸጠውም፤ ከአያት ቅድመ አያቱ ቆጥሮ ይካፈለዋል። አንዱ ማሳ ከጉና ሥር ደጋው ላይ ገብስ ያበቅላል፤ ሌላው ወደ በሽሎ ወይም ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራበታል። መሬቱ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ቢጠብም ገበሬው አንዱን ቢመታው በሌላው ይተርፋል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል። በመማሪያው መጽሐፍ ይህ ዘዴ ስም ያገኘው ስለ አክሲዮን በሚናገረው ክፍል ነው።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲወጡ የአገሪቱ ትልቁ የኢኮኖሚ ጥያቄ ከክፍል ውጭ ተጠየቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። መፈክሩ ከምንም በላይ የሚናገረው ለደቡቡ ጭሰኛ ነበር። በቤጌምድር ያለው ገበሬ አራሽም ባለርስትም ነው፤ ችግሩ የመሬት ጥበት፣ የግብር፣ የሙግትና የዝናብ ነው። በዚያው ዓመት ተማሪዎች አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በመጀመሩ፣ ብዙዎቹ ገጠርን በዓይናቸው አዩ። ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ይህ አንድ ዓመት ብዙ ኢኮኖሚስት ሳያፈራ አልቀረም።

ከዚያ 1966 መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ተማሪው አዋጁን ለገበሬ እንዲያስረዳ ተላከ። አንደኛ ዓመት የሚባል ነገር ሳይኖር መግቢያው በተግባር ተሰጠ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሎ እንደገና ሲከፈት ደግሞ ሌላ መግቢያ ይጠብቀው ነበር፦ ፖለቲካል ኢኮኖሚ። ከማርክሲስት ፍልስፍና ጋር ተቆራኝቶ፣ ሐኪም ለሚሆነውም፣ መሐንዲስ ለሚሆነውም ግዴታ ሆነ።

ስለዚያ ዘመን ትምህርት የሚነገረው ክፉ ክፉው ነው፤ ብዙውም እውነት ነው። ጥያቄ መጠየቅ ያስፈራ ነበር። መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነበር። ይሁንና ለቋንቋችን የዋለውን ውለታ መካድ አይቻልም። በፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት ሞስኮ ላይ፣ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የታተሙት መጻሕፍት የአመራረት ስልት፣ የምርት ኃይሎች፣ ትርፍ እሴት፣ ወዛደር፣ ንዑስ ከበርቴ የሚሉ ቃላትን ከከተማ እስከ ገበሬ ማኅበር አዳረሱ። ከገብረ ሕይወት ወዲህ ኢኮኖሚክስ በአማርኛ ሲከራከር የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ክርክሩ የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ። ቃላቱ ራሳቸው ከነሥርዓቱ ሲወገዱ በቦታቸው የተተካ የአማርኛ ቃል አልነበረም።

በዚያው ጊዜ በገጠር የሚሰጠው ትምህርት የተለየ ነበር። ገበሬው በእርሻ ሰብል ገበያ በኩል ኮታ አለበት። መንግሥት በቈረጠው ዋጋ የተወሰነ ኩንታል ያገባል፤ የጐደለበት ከገበያ ገዝቶ ይሞላል። በውድ ገዝቶ በርካሽ ማስረከብ ማለት ነው። ይህን የሚያስረዳ ምዕራፍ በሶቪየቱም በአሜሪካኑም መማሪያ አልነበረም፤ ገበሬው ግን ሳይማር አስልቶታል። የ1977 ድርቅ ሲመጣ የጋይንትና የስማዳ ቆላ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ኮታው ቀረ። በየክፍሉ የተያዘው ማስታወሻ በአንድ ቀን አረጀ።

ከ1983 በኋላ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። ማይክሮና ማክሮ ተመለሱ፤ እንግሊዝኛውም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። በ1985 ዓ.ም. ለ20 ዓመት ያህል 1 ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር የኖረው ብር ወደ 5 ብር ወረደ። ያን ዓመት አንደኛ ዓመት ለገባ ተማሪ ስለ ምንዛሪ የሚሰጠው ትምህርት ከጋዜጣው ጋር ገጥሞለት ነበር። በዚያው 1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበቱ ከመካከላቸው አንዱ ፕሮፌሰር እሸቱ ጮሌ ነበሩ። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። የአገሪቱን ኢኮኖሚ ያለ መፈክር መርምሮ መጻፍ እንደሚቻል ያሳዩ ሰው ነበሩ፤ በ1991 ዓ.ም. አረፉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከእንዲህ ዓይነቱ መምህር ፊት መቀመጡ ወይም አለመቀመጡ ከኮርሱ ስም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ምርጫ ማለት አንዱ ይኸው አልነበረም?

ቀጥሎ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ መመሪያ ለመመሪያ ነውና። በ1996 ዓ.ም. ፍሬሽማን ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ወረደ፤ ዲግሪው ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። የኢኮኖሚክስ መግቢያም ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆነ። ወደ 2000 ዓ.ም. ገደማ ከገቢው ተማሪ 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። ኢኮኖሚክስ የወደደ ሁሉ አይገባውም ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ኢኮኖሚክስም ከሎጂክ፣ ከሳይኮሎጂ፣ ከአንትሮፖሎጂና ከኢትዮጵያና ቀንዱ ጂኦግራፊ ጎን ከጋራ ኮርሶች አንዱ ሆነ። ምርጫው ከኮርሱ በኋላ ይመጣል፤ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በውጤት ነው።

አሁን ወደ ወገዳው ልጅ ልመለስ። ከክፍሉ ሲገባ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሉት፣ ሀብት ውሱን ነው፤ የሰው ፍላጎት ግን ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። አንዱን ስትመርጥ የተውከው ሌላው ዋጋው ነው ይላሉ። በእንግሊዝኛ ይላሉ። ልጁ ይጽፋል፤ ይሸመድዳል። አያቱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ሲሉ የሰማው ይኸው እንደሆነ የሚነግረው ካላገኘ፣ ባዕድ ነገር የተማረ ይመስለዋል።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የዋጋ ንረት ይመጣል። በቁጥር የተጻፈ ደመወዝና እውነተኛ ደመወዝ ይለያያሉ ይባላል። እዚህ ላይ የስማዳ፣ የላይ ጋይንትና የታች ጋይንት ልጅ ለመምህሩ ሊያስተምር ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች ውስጡ ነበሩ። ከድሀው ቤተ ሰብ ሥራ የሚችለው ሰው ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን ይታሰባል። የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሲተመን ሁለቱ እኩል ነበሩ፤ 6 ብር 3 ኪሎ ይገዛል ተብሎ ነው የተሰላው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ብሩ ወደ 8 ከፍ ቢልም እህሉን ሊደርስበት አልቻለም። ብር የሚከፈላቸው ወረዳዎች ሰዎች እህል ይሰጠን አሉ። ጥሬ ብር ይሻላል፣ ገበያውን ያነቃቃል ሲሉ የነበሩ ባለሙያዎች ግራ ገባቸው። ማንም እናት ግን ግራ አልገባትም። በአንድ እጇ 8 ብር፣ በሌላው የገበያው እንቅብ አለ። በዚያ ዘመን ሕፃን የነበረው ልጅ ዛሬ ለፈተና የሚሸመድደው ትርጓሜ ያን ጊዜ ከቤቱ ምድጃ ዳር የተነጋገሩበት ነው።

የገንዘብ ነገር ሲነሣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከ1985ቱ ተማሪ ጋር ሲተያይ የ2017ቱ ፍሬሽማን የጎደለው ነገር የለም። ከሁለቱም ፊት መማሪያውና ገበያው በአንድ ጊዜ ተገልጠዋል። በአማርኛ የሚያነበው ግን ሁለቱም እምብዛም የለውም። የመሬት ክፍፍል፣ ወንፈል፣ እቁብ፣ የእኩል እርሻ፣ የአራጣ ወለድ፣ የኮታና የሴፍቲኔት ታሪክ ያለበት አንድ ጥሩ የአማርኛ መግቢያ ቢኖር ከመምህሩ ሰነድ ጎን ይቀመጥ ነበር። ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት የጀመሩት ሥራ ነው፤ ቀጣይ አጣ።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ዘመን ለብዙው የአካባቢው ልጅ ጥያቄው የትኛውን ኮርስ ልምረጥ የሚለው ላይ አይደርስም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ተኩል እንኳ አልሞሉም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ግጭት ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ዘጋ። ዩኒቨርሲቲ መድረሱ ራሱ ዕጣ እየሆነ ነው። የደረሰውም በአንደኛ ዓመቱ የሚያወራው ስለ ውጤትና ስለ ዲፓርትመንት ነው። ሕግ ይሻላል፣ አካውንቲንግ ሥራ አለው፣ ኢኮኖሚክስ ከባድ ነው፣ ደግሞ ባንክ ያስቀጥራል ይባባላል። ከዚህ ወሬ ውስጥ አንድ ዕንቁ አለ፤ ከአማካሪ ቢሮ የማይገኝ መረጃ በመኝታ ክፍል ይገኛል።

አንድ ነገር ግን በእጁ ይፈርማል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይገባል። የምግቡና የማደሪያው ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶው ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበታል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይቈረጣል። የቆሎ ተማሪው ቁራሹን ለሰጠችው ሴት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ይህኛው በሦስት ቅጂ ይፈርማል። ውሉን የሚያስፈርሙት በምዝገባ ሰሞን ነው። ስለ ወጪና ስለ ተተወ ምርጫ ዋጋ የሚያወራው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።